የእጅ መጋዝ ጥርስ ጥመት፦ መጋዝ ለምን ይያዛል፣ ለምን መስመር ይስታል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

መጋዝ እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሞረድ ነው። «ደንዝዟል» ይባልና ጥርሱ አንድ በአንድ ይሞረዳል። ሆኖም እንጨቱ መሃል ሲደርስ መጋዙ እንደገና ተይዞ ይቀራል፤ ካልሆነም የተሰመረለትን መስመር ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል። የስለት ችግር ስላልነበረ መሞረዱ አልረዳውም። መታየት የነበረበት ጥርሶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደተጣመሙ ነው።

ማንኛውንም የእጅ መጋዝ ገልብጠው፣ ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙረው ከእጀታው ወደ ጫፉ ቢያዩት፣ ጥርሶቹ በአንድ መስመር እንዳልተደረደሩ ይገነዘባሉ። አንዱ በጥቂቱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በሁለቱ ረድፎች መካከልም ጠባብ ቦይ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚህ በኋላ ጥመት የምለው ይህን ወደየጎኑ መውጣት ነው።

ሥራው ግልጽ ነው። ጥርሶቹ ወደ ጎን ስለወጡ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ የሚከፍተው መንገድ ከምላጩ፣ ማለትም ጥርሶቹ ካሉበት ዝርግ ብረት፣ ውፍረት ሰፋ ይላል፤ ምላጩም ከመንገዱ ግድግዳ ጋር ሳይታሽ ይመላለሳል። እንጨት ሲቆረጥ የጥርሱ ጫፍ የገፋው ጅማት ጥርሱ ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ይሞክራል፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይለጠጥና ይበልጥ ይመለሳል። ጥመት የሌለው ወይም ጥመቱ ያለቀበት መጋዝ በዚህ ጅማት መካከል ይጣበቃል።

ታዲያ ብዙ ማጣመም ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ምላጩ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን መጋዝ እንውሰድ። እያንዳንዱ ጥርስ ወደየጎኑ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢወጣ የሚከፈተው መንገድ ስፋት 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥመቱ በየጎኑ ወደ 0.4 ከፍ ቢል መንገዱ 1.7 ይሆናል። ዓይን ይህን ልዩነት እምብዛም አይለየውም፤ ክንድ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ወደ ሰጋቱራነት የሚለወጠው እንጨት በ30 ከመቶ ገደማ ጨምሯልና በእያንዳንዱ ምት የሚከፈለው ጉልበትም አብሮ ይጨምራል። ከዚህም በላይ ምላጩ በሰፊ መንገድ ውስጥ የሚደገፍበት ስለሌለው ይዋልላል። ስለዚህ የመንገዱ ስፋት ከምላጩ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ እንዳያልፍ ማድረግ የቆየ የአናጢዎች ልክ ነው። ለ0.9 ሚሊ ሜትር ምላጭ ይህ ማለት ቢበዛ 1.35 ሚሊ ሜትር ነው።

እኔ የምከተለው ሕግ ጥመቱ እንጨቱ የሚፈቅደውን ያህል ያነሰ እንዲሆን ነው። ከመጠኑም በላይ የምጠነቀቅለት የግራና የቀኙ እኩልነት ነው። በጣም የተጣመመ ነገር ግን ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ መጋዝ እያደከመም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆርጣል። ጥመቱ ትንሽ ሆኖ አንዱ ጎኑ ያመዘነ መጋዝ ግን የያዘው እጅ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን መስመር አይጠብቅም።

መጋዙ የሚስተካከል ዓይነት ነው?

ይህን ሳያጣሩ አይጀምሩ። ዛሬ በየሱቁ ከሚገኙት ባለ ፕላስቲክ እጀታ መጋዞች ብዙዎቹ የጥርሳቸው ጫፍ በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ሙቀት እንዲጠነክር የተደረጉ ናቸው። ምልክቱ በጥርሶቹ ላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥላ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ለረጅም ጊዜ ስለቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሞረድ አይነካውም፤ ሊያጣምሙት ቢሞክሩም ይሰበራል። ጥላው በግልጽ ካልታየዎት እጀታው አጠገብ ያለችውን የመጨረሻዋን ጥርስ በሞረድ አንዴ ይንኩ። ሞረዱ ከነከሳት መጋዙ ይስተካከላል። ተንሸራቶ ካለፈ ግን መጋዙን እንዳለ ይጠቀሙበት።

ባለ እንጨት እጀታ የሆኑ የቆዩ መጋዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞረዱና የሚጣመሙ ናቸው። እንዲህ ያለ መጋዝ ዝጎና ደንዝዞ ጥግ ተጥሎ ካገኙ አይጣሉት፤ ብረቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1840 በፊላደልፊያ በተመሠረተው የዲስተን ፋብሪካ የተሠሩት ጥሩዎቹ መጋዞች፣ ምላጫቸው በጥርሱ በኩል ወፈር፣ ወደ ጀርባው ሲሄድ ሳሳ እንዲል ተደርጎ የተሞረደ ነው። ጀርባው በራሱ ስለሳሳ ከመንገዱ ግድግዳ ጋር አይተሻሽም፤ ስለዚህ በትንሽ ጥመት ይሠራሉ። የጃፓን የመጎተቻ መጋዞች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ምላጫቸው በጣም ስስ፣ ጥርሳቸውም ረጅምና ተሰባሪ ስለሆነ ከዚህ በታች በተገለጸው መሣሪያ ባይነኩ ይመረጣል።

መጀመሪያ የቆረጡትን እንጨት ይመልከቱ

መጋዙ ምን እንደጎደለው የሚነግረው የተቆረጠው እንጨት ነው። 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ቁራጭ ጣውላ ይያዙ፤ በስኳድራ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩና መጋዙን ሳይጫኑ፣ ሳያስገድዱ ይቁረጡ።

ጥመቱ ካነሰ መጋዙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትሮች ደህና ይሄድና ወደ ውስጥ ሲገባ ይከብዳል፣ ያፏጫል። አውጥተው ምላጩን ሲያዩ በሁለቱም ጎኑ የታሸ የሚያብረቀርቅ ቦታ፣ አንዳንዴም የሙጫ ጭረት ያገኛሉ። በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ቀላል ነገር አይደለም፤ በጥርሱ በኩል ያለው ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ምላጩ ይሞገዳል፣ የተሞገደው ምላጭ ደግሞ የባሰ ይታሻል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጣውላው በሁለት ድጋፎች ላይ ተቀምጦ መሃሉ ላይ ከተቆረጠ በራሱ ክብደት ይረግብና መንገዱን ከላይ ይዘጋዋል። ይህ የመጋዙ ጥፋት አይደለም። ተቆርጦ የሚወድቀው ክፍል ከድጋፉ ውጭ ነጻ ሆኖ እንዲንጠለጠል አድርገው ካልሞከሩ በጥመቱ ላይ አይፍረዱ። ዝገትም እንዲሁ ምላጩን ያስይዛል።

ጥመቱ ከበዛ መጋዙ አይያዝም፤ ይልቁንም ይወዛወዛል። ግማሽ ድረስ ቆርጠው መጋዙን መንገዱ ውስጥ እንዳለ ጀርባውን በጣትዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። በጥቂቱ መነቃነቁ ተገቢ ነው፤ ልል ብሎ ከተወላገደ ግን በዝቷል። ሌላም ምልክት አለ፤ ሦስት አራት ምት ብቻ ቆርጠው የመንገዱን ወለል በደንብ ይመልከቱ። መሃሉ ላይ ስስ ጉብታ ቆሞ፣ ግራና ቀኙ ሁለት የተለያዩ ጭረቶች ሆነው ከታዩ ሁለቱ የጥርስ ረድፎች እጅግ ተራርቀዋል። የተቆረጠው ፊትም ሻካራ ስለሚሆን በመላጊያ ብዙ ሥራ ይጠይቃል።

ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ መጋዙ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል። የሚያደላውም ጥመቱ ወደበዛበት ጎን ነው። መስመሩን ለመጠበቅ እጅዎን እያጣመሙ መቁረጥ ከጀመሩ ችግሩ ይህ መሆኑን ይጠርጥሩ። በተቆረጠው ፊት ላይ ደግሞ ጥልቅ ጭረት በተደጋጋሚ ከታየ አንዲት ጥርስ ብቻዋን ከረድፏ ወጥታለች ማለት ነው።

ምን ያህል ጥመት ያስፈልጋል?

መልሱ እንደ እንጨቱ ነው። በደንብ ለደረቀ ጠንካራ እንጨት፣ እንደ ወይራ ላለው፣ በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለቤት ዕቃ የሚውል ደረቅ ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ጽድ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይስማማዋል። ኮምፐንሳቶ ሲቆረጥ ጠርዙ እንዳይሰነጣጠቅ ጥመቱ አነስተኛ፣ ጥርሱም ደቃቅ ቢሆን ይሻላል።

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ ኃይለኛ ውጥረት ያከማቻል፤ ሲቆረጥ ያ ውጥረት ይለቀቅና እንጨቱ ይጣመማል፣ የመጋዙንም መንገድ ይዘጋል። በዚያ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ ረጅምና ጭራም ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቃል። አጣናና እርጥብ ግንድ የሚቆርጥ መጋዝ በየጎኑ ከ0.25 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ጥመት፣ ጥርሱም ትላልቅና የተራራቀ መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ የሚውለው ምላጭ ወፈር ያለ ስለሆነ የአንድ ተኩል እጥፉን ልክ ብዙም አያልፍም።

ከዚህ ግልጽ የሚሆነው አንድ መጋዝ ለሁሉም እንደማይበቃ ነው። ለግንባታ አጣና የተስተካከለውን መጋዝ ለቁም ሳጥን በር ማዋል ጣውላውንም ጉልበትንም ያባክናል። አቅም ከፈቀደ ሁለት መጋዝ ይያዙ፤ አንዱን ለእርጥብ፣ ሌላውን ለደረቅ።

ጥመቱን ለመለካት ካሊፐር ካለዎት የምላጩን ውፍረት፣ ቀጥሎም ሁለቱን የጥርስ ረድፎች አንድ ላይ ይለኩ። የካሊፐሩ መንጋጋ ብዙ ጥርሶችን በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት። ልዩነቱን ለሁለት ያካፍሉ። ካሊፐር ከሌለዎት የቢሮ ወረቀት ይበቃል፤ የተለመደው ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። መጋዙን በቆረጠው መንገድ ውስጥ ትተው ከጥርሱ በላይ በምላጩና በግድግዳው መካከል የወረቀት ቁራጮችን እየጨመሩ ይክተቱ። አራት ወረቀት ጠበቅ ብሎ ከገባ ጥመቱ በድምሩ 0.4፣ በየጎኑ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

መሣሪያው

ለዚህ ሥራ የተሠራው የጥርስ ማጣመሚያ እንደ ፒንሳ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነው። በአንድ ወገን ጥርሱን የሚገፋ ትንሽ የብረት ዘንግ፣ በሌላው ወገን ጠርዙ በግድም የተሞረደ ክብ መደገፊያ አለው። ሲጨበጥ ዘንጉ ጥርሱን ገፍቶ መደገፊያው ላይ ያጋድመዋል። በእንግሊዟ ሼፊልድ ይሠራ የነበረው ኤክሊፕስ የተባለው ዓይነት በብዙ አገር ይታወቃል፤ ሌሎችም በእርሱ አምሳል ተሠርተዋል።

መደገፊያው ዙሪያውን ቁጥሮች አሉት። ቁጥሮቹ በአንድ ኢንች ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት የጥርስ ጫፍ እንዳለ ያመለክታሉ። ብዙ ሰው 8 ጫፍ ላለው መጋዝ በቀጥታ ቁጥር 8 ላይ ያደርገዋል። ለደረቅ እንጨት ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይበዛል። ከፍ ባለው ቁጥር፣ በ10 ወይም በ12 ይጀምሩ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚታጠፈው የጥርሱ ክፍል ወደ ጫፉ እየተጠጋ፣ ጥመቱም እያነሰ ይሄዳል። ያነሰውን መጨመር ቀላል ነው።

ማጣመሚያው ከሌለዎት ጠርዙ በግድም የተሞረደ ወፍራም ብረት እንደ መደገፊያ አድርገው፣ ጥርሱን በላዩ አስተኝተው ጥርሱ ላይ በሚቆም ትንሽ የብረት መምቻና በቀላል መዶሻ አንድ በአንድ መምታት ይቻላል። ዘዴው የቆየ ነው፤ የመዶሻው ምት እኩል ከሆነ ውጤቱ ያማረ ነው። ካቻቪቴ በሁለት ጥርሶች መካከል አስገብቶ መጠምዘዝን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጥርሱን የሚያጥፈው ከሥሩ ስለሆነ ወይ ጥርሱ ይሰበራል ወይ ምላጩ ራሱ ይሞገዳል፤ መጠኑንም የሚገድብ ነገር የለም።

ከዚህ በተጨማሪ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ለስላሳ የስለት ድንጋይ፣ ባለ ቀለም እስክሪብቶ፣ የልብስ ስፌት መርፌ፣ እንዲሁም ሞርሳና ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች ያዘጋጁ። የባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ ፊት ስፋት ከጥርሱ ቁመት እጥፍ በጥቂቱ የሚበልጥ ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው፣ ደረጃ በደረጃ

1. ማጽዳት። ዝገቱንና ሙጫውን በብርጭቆ ወረቀትና በጥቂት ዘይት ያስለቅቁ። ከዚያ ምላጩን በጀርባው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ይዩት። የጎበጠ ወይም የተሞገደ ከሆነ ጥመት ማስተካከል አያድነውም፤ መጀመሪያ ምላጩ መቃናት አለበት።

2. ማሰር። ምላጩን በሁለቱ ጣውላዎች መካከል አድርገው በሞርሳ ይሰሩት። ከጣውላው በላይ የሚወጣው የጥርሱ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከዚያ በላይ ከወጣ ሲሞረድ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፣ ሞረዱንም ያበላሻል።

3. የጥርሶቹን ቁመት ማስተካከል። ጠፍጣፋውን ሞረድ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ አጋድመው፣ ከምላጩ ጋር በትክክል 90 ዲግሪ እንዲሆን ጠብቀው፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ በቀስታ ይሳቡት። እያንዳንዷ ጥርስ ጫፏ ላይ ትንሽ የምታብረቀርቅ ነጥብ እስክታወጣ ይቀጥሉ።

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ከጥመት ጋር ያለው ዝምድና አይታያቸውም። የጥርስ ማጣመሚያው ሲሠራ የሚቀመጠው በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ነው። አጭሯ ጥርስ መሣሪያው ሥር ዝቅ ብላ ትቀራለች፣ ረጅሟ ከፍ ትላለች፤ ዘንጉ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ይገፋቸዋል። ቁመታቸው ያልተስተካከለ ጥርሶች መሣሪያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን እኩል አይጣመሙም።

4. ቅርጽ ማውጣት። ጥርሶቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆኑ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ፣ ቀጥ አድርገው በማጋደም፣ እኩል ያድርጓቸው። ቅርጻቸው ደህና ከሆነ ይህን ይለፉት።

5. ምልክት ማድረግ። ከእጀታው ጀምረው ወደ እርስዎ ያልዞሩትን ጥርሶች፣ ማለትም ወደ ወዲያኛው ጎን ያዘነበሉትን፣ አንድ እየዘለሉ በእስክሪብቶ ይቀቡ። ዓይን በመቶ ጥርሶች መካከል በቀላሉ ይሳሳታል። ወደ ግራ የነበረችን ጥርስ ወደ ቀኝ መመለስ ደግሞ ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት በተቃራኒው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የነበረውን አቅጣጫ ይጠብቁ።

6. ማጣመም። መሣሪያውን በሁሉም ጥርሶች ጫፍ ላይ በደንብ አስቀምጠው፣ ዘንጉን ከተቀባችው ጥርስ መሃል ጋር አግጥመው እስከሚቆም ድረስ ይጨብጡት። ይልቀቁት፤ አንዷን ዘለው ወደ ቀጣዩዋ የተቀባች ጥርስ ይሂዱ። የጭብጡ ኃይል ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ጥርስ አንድ ዓይነት ይሁን። እጅዎ ከደከመ አርፈው ይቀጥሉ፤ የደከመ እጅ የሚያጣምማቸው ጥርሶች ከቀሪዎቹ ይለያሉ።

የሚታጠፈው የጥርሱ የላይኛው ግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ከሥሩ ከታጠፈ መሰበር ይመጣል። አንዱን ጎን ከጨረሱ በኋላ መጋዙን አዙረው አስረው ያልተቀቡትን በተመሳሳይ መንገድ ያጣምሙ። የመደገፊያውን ቁጥርም ሆነ የመሣሪያውን ቡሎን በሁለቱ ጎኖች መካከል እንዳይነኩ።

7. መሳል። አሁን ይሞርዱ። ከማጣመም በኋላ መሞረድን የምመርጠው፣ ሞረድ የጥርሱን ቁመት በቀነሰ ቁጥር ጥመቱንም ስለሚቀንስና የማጣመሚያው ዘንግ በስለቱ ላይ የተወውን ጠባሳ ስለሚያነሳ ነው። እንጨትን በርዝመቱ፣ በጅማቱ አቅጣጫ ለሚሰነጥቅ መጋዝ ሞረዱ ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ ይሁን። ጅማትን አግድም ለሚቆርጥ መጋዝ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ይዘንብል፤ ጥርሱ እንደ ቢላዋ ጠርዝ አውጥቶ ጅማቱን እንዲበጥስ። በእያንዳንዷ ጥርስ ላይ እኩል ምት ይስጡ፤ በአንዷ ሁለት በሌላዋ አራት ከሆነ በደረጃ 3 የደከሙበት ይበላሻል።

8. ጎኑን በድንጋይ ማስተካከል። መጋዙን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ያስተኙ። ለስላሳውን የስለት ድንጋይ በምላጩ ላይ ጠፍጥፎ እንዲተኛ አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ በጥርሶቹ ጎን ላይ ያሳልፉት። ገልብጠው በሌላው ጎን ይድገሙ። ከረድፋቸው የወጡት ጥርሶች ብቻ ይነካሉ፤ ከሞረዱ የቀረው ሻካራ ጠርዝም ይነሳል።

9. በመርፌ መፈተሽ። የልብስ ስፌት መርፌ በሁለቱ የጥርስ ረድፎች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ፣ በእጀታው በኩል ያስቀምጡ። የመጋዙን እጀታ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሱት። ጥመቱ እኩል ከሆነ መርፌዋ ሳትወድቅ በቦዩ ተንሸራትታ እስከ ጫፉ ትደርሳለች። መሃል ላይ ከቆመች ወይም ወደ ጎን ከወደቀች እዚያ ቦታ ላይ ያላጋደለች ወይም ከሚገባው በላይ ያጋደለች ጥርስ አለች፤ እርሷን ብቻ ያርሙ። ይህ ፈተና የሚሠራው በተለይ አግድም በሚቆርጥ መጋዝ ላይ ነው፤ ቦዩ የሚጎላው በእርሱ ላይ ነውና።

ቆርጦ መሞከርና ማረም

እንደገና መስመር አስምረው ይቁረጡ። ዓይንዎን በመስመሩ ላይ ያድርጉ እንጂ መጋዙን አይምሩት፤ ራሱ የሚሄድበትን ማየት ነው የሚፈለገው።

ወደ ቀኝ ካደላ፣ በሚቆርጡበት ጊዜ በቀኝዎ በኩል ያለው የመጋዙ ጎን ጥመቱ በዝቷል። ያን ጎን ብቻ በድንጋዩ አንድ ጊዜ ይንኩትና እንደገና ይቁረጡ። አሁንም ካደላ ሌላ አንድ ጊዜ። ከአንድ ጊዜ በላይ በአንዴ አያሳልፉ፤ ድንጋዩ ከጥርሱ ጎን የሚወስደውን ብረት መመለስ አይቻልም፣ ሚዛኑም በቀላሉ ወደ ግራ ይገለበጣል። ደጋግመው ነክተውት መስመሩን ካልጠበቀ ምክንያቱ ጥመት ላይሆን ይችላል፤ በአንዱ ጎን ያሉት ጥርሶች ከሌላው ይበልጥ ስለታም ሆነው ይሆናል። አብዛኛው ሰው ከአንድ ጎን ቆሞ ሲሞርድ ይመቸዋል፣ ከሌላው ጎን እጁ ይለዝባል፤ የለዘበበትን ጎን እንደገና አንድ አንድ ምት ይስጡት።

ጥመቱ ከመጀመሪያው በዝቶ ከሆነ በድንጋይ መቀነስ ጥርሱን ያሳሳዋል። የተሻለ መንገድ አለ። መንጋጋው ለስላሳና ቀጥ ያለ የብረት ሞርሳ ይፈልጉ። ከጥርሶቹ ዝቅ ብሎ፣ በምላጩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ወረቀት አድርገው፣ ጥርሶቹ ራሳቸው ግን ያለ ወረቀት መንጋጋውን እንዲነኩ አድርገው ያጥብቁ። መንጋጋው ጥርሶቹን ወረቀቱ እስከሚገድበው ድረስ ይመልሳቸዋል፤ ሲለቀቅ ብረቱ በጥቂቱ ስለሚመለስ በየጎኑ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ትንሽ የበለጠ ጥመት ይቀራል። ሞርሳው አጭር ከሆነ መጋዙን እያንሸራተቱ፣ እያንዳንዱን ክፍል በእኩል ኃይል እያጠበቁ ይጨርሱ። ለደረቅ ዋንዛ ሥራ የሚውል መጋዝ በሁለት በሁለት ወረቀት ቢደረግ ይበቃዋል። በየጎኑ እኩል ስለሚጨምቅ ያደላ መጋዝንም አብሮ ያቃናል፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ ይበልጥ የምወደው ለዚህ ነው።

ጀርባው ላይ ብረት ለተደረበባቸው ትናንሽ የመጋጠሚያ መጋዞች ደግሞ በአንድ ወረቀት የሚደረገው ይህ አሠራር ብቻውን በቂ ነው። ምላጫቸው ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሳሳ፣ ጥርሳቸውም ደቃቅ ስለሆነ ትልቁ ማጣመሚያ አንዱን ጥርስ ሲገፋ ጎረቤቱንም ሊነካ ይችላል።

ጥመት በእያንዳንዱ መሳል መታደስ የለበትም። ጥርሱ ደንዝዞ ሲሞረድ ጥቂት ጥመት ይጠፋል፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተሳለ በኋላ መጋዙ ጠበቅ ማለት ሲጀምር ነው ማጣመሚያው የሚወጣው። እስከዚያው መጋዙ ጠበቅ ካለብዎት የሻማ ቁራጭ በምላጩ ሁለት ጎኖች ላይ ይሹ፤ በደረቅ እንጨት ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከቆረጡ በኋላ ደግሞ ምላጩን ከሙጫው አጽድተው፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ጠርገው ያስቀምጡ፤ እርጥብ ሰጋቱራ የያዘ ጥርስ ካደረ የሚዝገው ከጫፉ ነው።